«መታወቂያ» እና «ምድብ»፦ በድረ ገጽ ዝግጅት ትምህርት ስለሚሰጥ አንድ ደንብ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የድረ ገጽ ዝግጅት በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ውስጥ ከሚጠኑት ርእሶች አንዱ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ የገጹን አካላት፣ ማለትም ርእሱን፣ አንቀጹንና ሠንጠረዡን በኤችቲኤምኤል መደርደር ይማራል። ቀጥሎም የእነዚህን አካላት ቀለም፣ መጠንና አቀማመጥ በሲኤስኤስ መወሰን ይለማመዳል። ከብዙ አንቀጾች መካከል አንዱን ወይም ጥቂቶቹን ብቻ ለይቶ ማዘዝ ሲያስፈልግ ለእነርሱ ስም መስጠት የተለመደው መንገድ ነው። ስም የሚሰጥባቸው ዋና መንገዶች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው አይዲ፣ ሁለተኛው ክላስ ይባላል። ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን «መታወቂያ»፣ ሁለተኛውን «ምድብ» ይላቸዋል፤ የስያሜው ምክንያት ወደ ፊት ይገለጻል።

የሁለቱ ልዩነት ለጀማሪዎች የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አጭር ደንብ ነው፤ ይኸውም «ነገሩ አንድ ከሆነ መታወቂያ፣ ብዙ ከሆነ ምድብ» የሚል ነው። ደንቡ ለማስታወስ ቀላል፣ በፈተና ለመጠየቅም የተመቸ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ እውነትነቱ በግማሽ ነው። ተማሪውም በዚህ ግማሽ እውነት ተመርቶ የሠራው ገጽ በመጀመሪያው ቀን መልካም ሆኖ ይታይና ለማሻሻል በሞከረበት ቀን አልታዘዝ ይለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደንቡን መመርመር፣ ጉድለቱን በምሳሌ ማሳየትና በምትኩ ሊሰጥ የሚገባውን ማመልከት ነው። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ በመታወቂያና በምድብ መካከል የሚመረጠው በቁጥር ሳይሆን ስሙ በሚሠራው ሥራ ነው። መልክን ለመወሰን ምድብ፣ ማንነትን ለማመልከት መታወቂያ ይገባል፤ ነገሩ አንድ ቢሆንም እንኳ።

1. የስያሜ ችግር

ጉድለቱ የሚጀምረው ከትርጉም ነው። አይዲ የሚለው ቃል «መለያ»፣ ክላስ የሚለው ደግሞ «ክፍል» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። ሁለቱም ትርጉሞች በመዝገበ ቃላት ሚዛን ስሕተት አይደሉም፤ ዳሩ ግን በተማሪው አእምሮ የሚፈጥሩት ሥዕል ከተፈለገው ጋር ይጋጫል።

«መለያ» ሲባል ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው የእግር ኳስ ቡድንን ልብስ ነው። መለያ የቡድኑ ተጫዋቾች የሚለብሱት፣ አንዱን ቡድን ከሌላው የሚለይ የወል ምልክት ነው። ይህም የክላስ ጠባይ እንጂ የአይዲ ጠባይ አይደለም። በአንጻሩ «መታወቂያ» የአንድ ሰው ብቻ እንደ ሆነ ሕፃንም ያውቃል። የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዝ ያለው ሆኖ ለሁለት ሰዎች የማይሰጠውም ስለዚሁ ነው። መታወቂያ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ምን ዓይነት ልብስ መልበስ እንዳለበት ግን አይወስንም።

«ክፍል» የሚለውም ቃል እንዲሁ ያሳስታል። አንድ ተማሪ በአንድ ጊዜ የ9ኛ «ሀ» ተማሪም የ9ኛ «ለ» ተማሪም ሊሆን አይችልም። በድረ ገጽ ላይ ግን አንድ አካል የሁለት፣ የሦስትና ከዚያም በላይ የሆኑ ክላሶች አባል ሊሆን ይችላል፤ የክላስ ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው። ስለዚህ «ምድብ» የሚለው ቃል ይሻላል። ይህም ሲባል መምህሩ ምድብን በትምህርት ቤት ክበብ መስሎ ሊያስረዳ ይገባል። አንዲት ተማሪ የቀይ መስቀል ክበብም የስፖርት ክበብም አባል ልትሆን ትችላለች፤ የመዝገብ ቁጥሯ ግን አንድ ብቻ ነው።

2. ደንቡ የሚለውና የማይለው

«አንድ ከሆነ መታወቂያ፣ ብዙ ከሆነ ምድብ» የሚለው ደንብ ሁለት ነገሮችን አጣብቆ ይዟል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ አንድ መታወቂያ በአንድ ገጽ ውስጥ ከአንድ አካል በላይ ሊሰጥ አይገባም። ሁለተኛው ግን በደንቡ ውስጥ ተደብቆ የሚያልፍ ስሕተት ነው፤ አንድ ብቻ የሆነ ነገር መልኩ በመታወቂያ ይወሰን ዘንድ ግድ ይመስላል። ይህን የሚያስገድድ ሕግ የለም። አንድ አባል ብቻ ያለው ምድብ ፍጹም ትክክለኛ ምድብ ነው።

ደንቡ የማያነሣው ነገርም አለ። መታወቂያ በአንድ ገጽ ውስጥ ብቸኛ ይሁን ይባላል እንጂ በድረ ገጹ ሁሉ ብቸኛ ይሁን አይባልም። «ራስጌ» የሚል መታወቂያ በአሥር ገጾች ላይ አሥር ጊዜ ቢገኝ፣ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ጊዜ እስከ ሆነ ድረስ፣ ስሕተት የለበትም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ደንቡ የተጣሰ እንደ ሆነ ምን እንደሚደርስ አለመናገሩ ነው። ተማሪ የተከለከለውን መሞከሩ አይቀርም። አንዱን መታወቂያ ለሁለት አንቀጾች ሰጥቶ ገጹን በብራውዘር ሲከፍት ሁለቱም አንቀጾች የታዘዘውን ቀለም ለብሰው ያገኛቸዋል። ብራውዘሩ አይቆጣም፤ በገጹም ላይ የስሕተት ማስታወቂያ አይወጣም። ያን ጊዜ ተማሪው መምህሩ ያስተማረው ደንብ ለፈተና ብቻ የሚያገለግል ነው ብሎ ይደመድማል። ጉዳቱ በሌላ ቦታ እንደ ተደበቀ የሚነግረው የለምና አይፈረድበትም።

3. ምሳሌ፦ የፎገራ ሜዳ ገበያ ገጽ

ጉዳቱ የት እንደ ተደበቀ ለማሳየት ከአካባቢ የተወሰደ ምሳሌ ይበጃል። ይፋግ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በንግድና በኬላ ቦታነት የታወቀች ጥንታዊ የገበያ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ ዛሬ በሩዝ አምራችነቱ ይታወቃል፤ ከሩዝ በኋላም በቀሪው እርጥበት ሽምብራና ጓያ፣ በመስኖም ሽንኩርት ይለማበታል። እንግዲህ አንድ መምህር በይፋግ ለሚያስተምራቸው ተማሪዎች የገበያ ዋጋና የክረምት ማስታወቂያ የሚወጣበትን ገጽ እንዲሠሩ ቢያዝዝ ሥራው ከኑሯቸው የራቀ አይሆንም።

ተማሪው በገጹ ላይ አንድ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ያወጣል እንበል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ማፈናቀሉ አይዘነጋም። ማስጠንቀቂያው ስለ ርብ ወንዝ የሚናገር አንድ ብቻ ስለ ሆነ፣ ተማሪው በደንቡ መሠረት «#የጎርፍ-ማስጠንቀቂያ» የሚል መታወቂያ ሰጥቶ በቀይ ክፈፍ ያስከብበዋል። በገጹ አናት ላይም «ማስጠንቀቂያውን ለማንበብ ይህን ይጫኑ» የሚል ማገናኛ ያኖራል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይሠራል።

ከሳምንት በኋላ ስለ ጉማራ ወንዝ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ተማሪው ቀይ ክፈፉን ስለሚፈልገው የመጀመሪያውን ገልብጦ ቃሉን ብቻ ይለውጣል፤ መታወቂያውም አብሮ ይገለበጣል። ሁለቱም ማስጠንቀቂያዎች በቀይ ተከብበው ይታያሉ። በገጹ አናት ያለው ማገናኛ ግን ሁልጊዜ የሚወስደው ወደ መጀመሪያው ብቻ ነው። ስለ ጉማራ ለማንበብ የመጣ ሰው ስለ ርብ አንብቦ ይመለሳል። በጃቫስክሪፕት መታወቂያውን ጠርቶ ማስጠንቀቂያውን ለመለወጥ ቢሞከርም የሚለወጠው ያው የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የተፈጸመው መታወቂያው በተገለበጠ ጊዜ አይደለም። ጥፋቱ የተጀመረው መልክና ማንነት በአንድ ስም በታሰሩበት ጊዜ ነው። ቀይ ክፈፉ የማስጠንቀቂያ ሁሉ ልብስ ነው፤ ስለዚህም «.ማስጠንቀቂያ» የሚል ምድብ ይገባው ነበር። ማገናኛው የሚያመለክተው ግን አንዱን የተወሰነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስለዚህ «#ርብ» እና «#ጉማራ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ መታወቂያዎች ይገቡ ነበር። ዛሬ አንድ የሆነው ነገር ነገ ሁለት እንደሚሆን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ በቁጥር ላይ የተመሠረተው ደንብም የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

4. የክብደት ጉዳይ

ሁለተኛው የተደበቀ ጉዳት በሁለቱ ስሞች የክብደት ልዩነት ይመጣል። ሁለት ደንቦች ስለ አንድ አካል የተለያየ ነገር ሲያዝዙ ብራውዘሩ በክብደት ያመዛዝናቸዋል። በመጀመሪያ በደንቡ ውስጥ ያሉት መታወቂያዎች ይቆጠራሉ፤ በእነዚህ እኩል ከሆኑ ምድቦች ይቆጠራሉ፤ በዚያም እኩል ከሆኑ የአካል ዓይነቶች ይቆጠራሉ። በሁሉም እኩል ከሆኑ ከሁለቱ በኋላ የተጻፈው ይጸናል።

ይህን ሥርዓት ለማስረዳት መታወቂያን 100፣ ምድብን 10፣ የአካልን ዓይነት 1 አድርጎ መደመር የተለመደ ዘዴ ነው። ዘዴው ግን የተሳሳተ ነው፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ 11 ምድቦች ተደምረው አንድን መታወቂያ ባሸነፉ ነበር። እንዲህ አይሆንም። ለዚህ የተሻለው ምሳሌ የኦሎምፒክ የሜዳሊያ ሠንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ በተደረገው ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ 4 ወርቅ፣ 1 ብርና 3 ነሐስ፣ በድምሩ 8 ሜዳሊያዎች አገኘች። ዩክሬን ደግሞ 3 ወርቅ፣ 10 ብርና 10 ነሐስ፣ በድምሩ 23 አገኘች። በሠንጠረዡ ላይ ግን ኢትዮጵያ ከዩክሬን በላይ ሆነች፤ አስቀድሞ የሚታየው ወርቅ ነውና። መታወቂያ ወርቅ፣ ምድብ ብር፣ የአካል ዓይነት ነሐስ ነው። የብር ብዛት አንዱን ወርቅ አይተካውም።

ይህ በተግባር ምን ያስከትላል? ወደ ገበያው ገጽ እንመለስ። ተማሪው የሩዝ ዋጋ ለሚጻፍበት ሣጥን «#የሩዝ-ዋጋ» የሚል መታወቂያ ሰጥቶ ጽሑፉ ጥቁር እንዲሆን አዝዟል። በኋላም ዋጋቸው የቀነሰ ሸቀጦች ሁሉ በአረንጓዴ እንዲታዩ «.የቀነሰ» የሚል ምድብ ያዘጋጃል። ምድቡ ለሽምብራው ይሠራል፤ ለጓያውና ለሽንኩርቱም ይሠራል። ለሩዙ ብቻ አይሠራም። ተማሪው ፊደል የተሳሳተ መስሎት ደጋግሞ ይመረምራል፤ ሌላ ምድብ ይጨምራል፤ ገጹን ዘግቶ ይከፍታል። በመጨረሻም ከትእዛዙ ጎን ሁሉን የሚያሸንፈውን የአስገዳጅነት ቃል መጻፍ ከጓደኛው ይማራል። ከዚያ ወዲያ አስገዳጁን የሚያሸንፈው ሌላ አስገዳጅ ብቻ ስለሚሆን፣ ገጹ ትእዛዝ ሁሉ አስገዳጅ የሆነበት ሰነድ ይሆናል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኮምፒዩተር ጥቂት በሆነበት፣ ተማሪዎች በተራ በሚቀመጡበትና መብራት በሚቋረጥበት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ በመሣሪያው ፊት የሚያገኘው ጊዜ አጭር ነው። ያ አጭር ጊዜ ከመጀመሪያው ትምህርት በወረሰው ችግር ላይ ሲባክን፣ የሚጎዳው ገጹ ብቻ ሳይሆን በራሱ ላይ ያለው እምነት ጭምር ነው።

5. ለመታወቂያ የሚገባው ሥራ

ከዚህ በላይ የተባለው መታወቂያን ለማስወገድ እንዳልሆነ ሊሠመርበት ይገባል። መታወቂያ ምድብ ሊተካቸው የማይችላቸው ሥራዎች አሉት። የማገናኛ መድረሻ ይሆናል፤ በቅጽ ላይ «ስም» የሚለውን ጽሑፍ ከመሙያ ሣጥኑ ጋር ያስተሳስራል። ይህም ማስተሳሰር ማየት የተሳናቸው ሰዎች በድምፅ ማንበቢያ ሲጠቀሙ የትኛው ሣጥን የምን እንደ ሆነ እንዲነገራቸው ያስችላል። በጃቫስክሪፕትም አንዱን የተወሰነ አካል ለመጥራት ያገለግላል። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ መታወቂያ የሚናገረው «ይህ ማን ነው» የሚለውን ነው።

አልፎ አልፎ መታወቂያ ብቻ ያለውን አካል መልክ መወሰን ግድ ይሆናል፤ ለምሳሌ ገጹ በሌላ ሰው ተሠርቶ ምድብ መጨመር ሳይቻል ሲቀር። በዚህ ጊዜ መታወቂያውን በሃሽ ምልክት ከመጥራት ይልቅ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ እንደ ማንኛውም የአካሉ ባሕርይ ጽፎ መጥራት ይቻላል። እንዲህ የተጠራ መታወቂያ ክብደቱ ከምድብ ጋር እኩል ስለሚሆን ኋላ ለሚመጡት ደንቦች እንቅፋት አይሆንም።

ስለ ስሞቹ አጻጻፍም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ስሞቹን በአማርኛ መጻፍ የሚያስችል መሠረት ተጥሏል። የቀድሞው የኤችቲኤምኤል 4 ደንብ መታወቂያ በላቲን ፊደል እንዲጀምር ያስገድድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ይህን አንሥቶታል። በምድብ ስም ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ተማሪው «የገበያ ዋጋ» ብሎ በባዶ ቦታ ለይቶ ቢጽፍ ብራውዘሩ «የገበያ» እና «ዋጋ» የሚሉ ሁለት ምድቦች አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ በሰረዝ አያይዞ መጻፍ ይገባል። እንደዚሁም ስሙ ሥራን እንጂ መልክን አይናገር። «.ቀይ» የተባለ ምድብ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ የተለወጠ ቀን ስሙ ሐሰት ይሆናል፤ «.ማስጠንቀቂያ» ግን እውነት ሆኖ ይኖራል።

6. የተቃውሞ ሐሳቦች

ለዚህ ሂስ ሦስት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ለጀማሪ ቀላል ደንብ ይሻለዋል፣ ዝርዝሩ ኋላ ይደርሳል የሚል ነው። ነገር ግን «ለመልክ ምድብ፣ ለማመልከት መታወቂያ» የሚለው ከቀድሞው አይረዝምም፤ ኋላም መሻር የለበትም። ቀላልነት የሚመሰገነው ተማሪው የተማረውን መልሶ እንዲረሳ የማያስገድደው ሲሆን ነው።

ሁለተኛው፣ ለአንዲት ነጠላ የልምምድ ገጽ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከመጠን በላይ ነው የሚል ነው። በእርግጥ በነጠላ ገጽ ላይ ጉዳቱ አይታይም። ሆኖም ልማድ የሚፈጠረው በልምምድ ገጽ ላይ ነው፤ የልምምድ ዓላማም ሌላ አይደለም።

ሦስተኛው ከወዲያኛው ወገን የሚመጣ ነው፤ ይኸውም መታወቂያ ጨርሶ ይከልከል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሲኤስኤስ ሊንት የተባለው የመመርመሪያ መሣሪያ መልክን በመታወቂያ መወሰንን እንደ ጥፋት ይቆጥር ነበር። ምክሩ ለመልክ ሥራ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱን ሳይረዱ «መታወቂያ አይጻፍ» ብሎ መያዝ የቀድሞውን ስሕተት ገልብጦ መድገም ይሆናል።

የሚያስገርመው ይህ ክርክር አዲስ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 የወጣው የመጀመሪያው የሲኤስኤስ ደንብ ራሱ በመታወቂያ አማካይነት የእያንዳንዱን አካል መልክ ለብቻ መወሰን እንደሚቻል ገልጾ፣ አሠራሩን ግን እንደማያበረታታ አስታውቋል። ምድብንም ቢሆን ያለ ማስጠንቀቂያ አልተወውም፤ ሁሉን ነገር በምድብ ስም ብቻ መሥራት የርእስን፣ የአንቀጽንና የዝርዝርን የታወቀ ትርጉም እንደሚያጠፋ አሳስቧል። ስለዚህ ርእስ የሆነው ነገር አስቀድሞ ርእስ ተብሎ ይጻፍ፤ ምድብም ከዚያ በኋላ ይጨመርበት።

7. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የቀረበ ሐሳብ

አንደኛ፣ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ይታሰብበት። በመጀመሪያ የአካል ዓይነት፣ ቀጥሎ ምድብ ይሰጥ። መታወቂያ ማገናኛና ቅጽ በሚማሩበት ጊዜ፣ ሥራው በግልጽ በሚታይበት ቦታ ይቅረብ እንጂ በቀለም ትምህርት ውስጥ ከምድብ ጎን ለጎን አይቅረብ። ጎን ለጎን ሲቀርቡ ለአንድ ሥራ የተዘጋጁ ሁለት ምርጫዎች ይመስላሉና።

ሁለተኛ፣ ክብደትን ያለ ኮምፒዩተር ማስተማር ይቻላል። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከላይ ወደ ታች ትእዛዞችን ይጻፍ፤ «የስፖርት ክበብ አባላት ቁሙ»፣ «የቀይ መስቀል ክበብ አባላት ተቀመጡ»፣ «የመዝገብ ቁጥር 17 ቁም»። የሁለቱም ክበብ አባል የሆነች ተማሪ በኋላ የተጻፈውን ትእዛዝ ትፈጽማለች። ሁለቱን የክበብ ትእዛዞች ቦታ በማለዋወጥ ውጤቱ ሲለወጥ ይታይ። ተማሪዋ ክበቦቿን ስትናገር የትኛውን አስቀድማ እንደ ጠራች ግን ለውጥ አያመጣም፤ በምድብም እንደዚሁ ነው። 17 ቁጥር ግን ትእዛዙ የትም ቦታ ቢጻፍ ይቆማል። ይህ ጨዋታ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል፤ መብራትም አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ የፈተና ጥያቄዎች ይለወጡ። «በመታወቂያና በምድብ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚለካው ደንቡን በቃል መያዝን ነው። በምትኩ አጭር ገጽና አጭር የደንብ ሰነድ ተሰጥቶ «የሩዙ ዋጋ በምን ቀለም ይታያል? ስለ ምን?» ወይም «ይህ ማገናኛ ወዴት ይወስዳል?» ተብሎ ቢጠየቅ የተማሪው አስተሳሰብ ይታያል።

አራተኛ፣ የመምህሩ መምሪያ ደንቡ ሲጣስ የሚደርሰውን ጉዳት በግልጽ ያስፍር። ተማሪው ሞክሮ «ይሠራል እኮ» ባለ ጊዜ መምህሩ የተደበቀውን ጉዳት በማገናኛው አማካይነት ሊያሳየው መቻል አለበት።

ማጠቃለያ

በመታወቂያና በምድብ መካከል መምረጥ የቁጥር ጥያቄ ሆኖ ሲቀርብ ተማሪው ዛሬ በገጹ ላይ ያለውን ብቻ ይቆጥራል። የሥራ ጥያቄ ሆኖ ሲቀርብ ግን ለእያንዳንዱ ስም «ይህ ማን እንደ ሆነ ልናገር ነው ወይስ ምን እንደሚመስል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የለመደ ተማሪ የጉማራ ማስጠንቀቂያ በመጣ ቀን ገጹን አያፈርስም፤ አንድ ምድብ ደግሞ፣ አንድ አዲስ መታወቂያ ሰጥቶ ሥራውን ይቀጥላል። ሥርዓተ ትምህርቱም ከድረ ገጽ ዝግጅት የሚፈልገው ኋላ ሊታረምና ሊሰፋ የሚችል ሥራ መሥራትን ከሆነ፣ አጭሩ ደንብ በዚህ ጥያቄ ሊተካ ይገባዋል።